ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል

«ሞልቷል» አለችኝ ሴትዮዋ። ከኋላዋ በሰሌዳው ላይ የክፍሎቹ ቁልፎች ሁሉ ተሰቅለው ይታዩኛል።

«እነዚያ ቁልፎች የማን ናቸው ታዲያ?»

«የተያዙ ናቸው።»

«በማን? በአጋንንት?»

መስኮቷን ጠረቀመችብኝ።

ወቅቱ ኅዳር ነበር፤ ቅጠሉ ረግፎ ያለቀበት፣ በረዶው ገና ያልወረደበት። በዚህ ሰሞን ወደዚህች የተራራ መንደር፣ ወደ ሶልቺ፣ የሚመጣ ሰው የለም። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ ገደሉ ሁሉ በቀይ ቅጠል ሲነድ፣ እነዚሁ ባለ ሞቴሎች ለአንዲት ጠባብ ክፍል የሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ያስከፍሉ ነበር። ተራራውን እነሱ ያቆሙት፣ ቅጠሉንም እነሱ የቀቡት ይመስል! እኔ ናሪ እባላለሁ። ሴኡል ውስጥ በምትታተም አንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ኪሳቸው ለሳሳ መንገደኞች እጽፋለሁ። ተራራ የሚያምረው ገንዘብ ላለው ብቻ ነው ብለው ከሚያስቡ ሰዎች ጋር የምከራከርበት ዓምድ ነው፤ እንዲህ የሚያስቡት ደግሞ ብዙ ናቸው። ወደ ሶልቺ የመጣሁት ደህና ዋጋ ያለው ክፍል ለማግኘትና፣ ጎህ ሲቀድ ከተራራው አናት ላይ ይታያል የሚባለውን የደመና ባሕር በዓይኔ ለማየት ነበር።

ሁለተኛው ሞቴልም ሞልቷል ተባልኩ። ግቢው ውስጥ አንድ መኪና እንኳ የለም። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ጭራሽ ወደ ኋላዬ እያየ «ማን አብሮሽ መጥቷል?» አለኝ። ማንም አልኩት። «እንግዲያው የለም» አለ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ንዴቱ ግን አሞቀኝ።

መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ከፊል ፊደሎቹ የጠፉበት ምልክት ያንጠለጠለ አሮጌ ቤት አለ፤ ዎልሳን ሞቴል ይባላል። እኛ አገር በአሮጌ ሞቴል የመቀበያዋ መስኮት ከወገብ ከፍ አትልም። ተደብቀው የሚመጡ ፍቅረኞች እንዳያፍሩ ታስቦ የተሠራች ናት። እንግዳውም አስተናጋጁም የሚተያዩት እጅ ለእጅ ብቻ ነው። እኔም ያየሁት ሁለት እጆች ነበሩ፤ ሰፋ ያሉ፣ ንጹሕ፣ አንደኛው አውራ ጣት ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«አንድ።»

እጆቹ ባሉበት ቀሩ።

«የሚከተልዎት ሰው አለ?»

«የሚከተለኝ ብርድ ብቻ ነው። ክፍል አለ? ወይስ እናንተም ሞልቶባችኋል?»

«አለ። ለስንት ሌሊት ነው?»

«ለዛሬ ብቻ። ከሁሉ ርካሹን ስጠኝ።»

ከውስጥ የአንዲት አሮጊት ሹክሹክታ ሰማሁ። «ብቻዋን ናት እኮ! ያምናውን ረሳኸው እንዴ አንተ ልጅ?»

«ውጭ ትደር ነው የምትይኝ እማማ?»

እኔ የመሰለኝ አምና አንዱ ብቸኛ እንግዳ ሒሳብ ሳይከፍል ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ገንዘቡን በንዴት መስኮቷ ላይ አስቀምጬ «አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ የማንም ዕዳ የለብኝም» አልኩ። ከዚህ የባሰ ነገር ልናገር አልችልም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አምና ልክ በዚህ ሰሞን አንድ ዝምተኛ ወጣት ብቻውን መጥቶ፣ ርካሹን ክፍል ለአንድ ሌሊት ብሎ፣ አስቀድሞ ከፍሎ ገባ። በማግስቱ አስከሬኑን ከገደሉ ሥር አወጡት። የሞቴሉ ባለቤት እማማ ፒልሱን ያን ልጅ እንደ ልጇ አለቀሰችለት። ከዚያም «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት ከደረሰ በሩን ቆልፌ ባሕር ዳርቻ ያለችው ሴት ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለች። የመንደሩ ባለ ሞቴሎች በሙሉ ቅጠል ከረገፈ በኋላ ብቻውን የመጣ ሰው ላይቀበሉ ተማከሩ። አልስማማም ያለው የፒልሱን ልጅ ሶክጁ ብቻ ነበር። «ሰውን ብርድ ላይ ጥሎ ነፍስ አዳንን ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ተጣላቸው። እናትየው ተሸነፈችለት፤ ግን የመጣው ሰው በሕይወት ካልወጣ ቤቱ ይዘጋል፣ ጸጸቱንም የሚሸከመው እሱ ነው። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም ነበር።

ርካሹን ክፍል ስጠኝ ስለው ከሁሉ የሞቀውን ሰጠኝ፤ ከመቀበያው ጀርባ ያለውን፣ ወለሉ ከሥሩ በእንጨት እሳት የሚግለውን። ወለሉ የተለበጠበት ወረቀት በእሳት ብዛት ቡናማ የሆነበት ቦታ ላይ ጀርባዬን ሳሳርፍ የቀኑ ንዴት ከነብርዱ ቀለጠ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

በሩን ገርበብ ሳደርገው አንድ እጅ ብቻ በስንጥቁ ገባ፤ መንደሪን ይዟል።

«አልዘዝኩም።»

«ሒሳብ የለውም።»

ጥቂት ቆይቶ ያው እጅ የገብስ ሻይ ይዞ መጣ። ከዚያ እናትየዋ ራሷ የአኩሪ አተር ሾርባ ይዛ ገባችና፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«እናትስ?»

«አለችኝ።»

«ደውለሽላታል?»

«እማማ፣ እኔ የተከራየሁት ክፍል ነው፤ መርማሪ አልተከራየሁም።»

ፈገግ እንኳ አላለችም። «ነገ ጎመን በበርበሬ አቡክተን የክረምቱን ኪምቺ እንሠራለን። ጎመኑ ተራራ አክሏል፣ ሰው አንሶናል። ታግዢናለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ይኸው ነው እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ። ክፍሉ የረከሰው ጉልበቴን አስበው ነው! «ነገ እኔ እዚህ የለሁም» አልኳት ቆጣ ብዬ።

ሣህኑን አንስታ ወጣች፤ ማንኪያ ረሳሁ ብላ ተመልሳ ደግሞ አየችኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ለካ የሷ ዘዴ ይህ ነበር። ልቡ የከበደውን ሰው ለነገ ሥራ ቃል ታስገባዋለች። ነገ የሚጠብቀው ሰውና የሚጠብቀው ሥራ ያለው ሰው እስከ ነገ ይቆያል፤ እስከ ነገ የቆየም ከነገ ወዲያን ያያል ብላ ታምናለች።

ቀጥሎ የልጁ ድምፅ በበሩ በኩል መጣ። «ይቅርታ፣ ለነገ ቁርስ ምን ይሠራልዎት?»

«ምንም።»

«እንቁላል?»

«አልፈልግም።»

«የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ?»

«ወንድሜ፣ በልቼ ልሙት እንዴ?»

ከበሩ አለመሄዱን ትንፋሹ ይነግረኛል። ሳቄ መጣ፤ ትንሽም አዘንኩለት።

«የደመናውን ባሕር ላየው ነው የመጣሁት» አልኩት። «እውነት ነው ወይስ ለእንግዳ ማባበያ የሚወራ ነው?»

«እውነት ነው።» ድምፁ ተለወጠ። «ጎህ ሲቀድ ሸለቆው በሙሉ ይሞላል። ቤታችን፣ መንገዱ፣ ወንዙ፣ ሁሉም ይሰወራል። ጫፎቹ ብቻ እንደ ደሴት ይቀራሉ። እዚህ ተወልጄ ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ ግን ሳየው እስካሁን የያዝኩትን ጥዬ እቆማለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ ኮፍያውን አውልቆ ነበር የሚያየው።»

«ለምን?»

«ጠይቄው አላውቅም። ሲያወልቅ ሳይ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።»

ፊቱን ያላየሁት ሰው እንዲህ ሲናገር በሩን ልከፍት እጄን ሰድጄ፣ አፍሬ መለስኩት። እሱም ከወዲያ በኩል ቆሞ ነበር።

ሊነጋ ሲል ተነሳሁ። ርካሽ ክፍል የሚይዝ ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው የሚሉ ባለ ሞቴሎች አሉ። ለእነሱ መልስ እንዲሆን የትም ባድር ክፍሌን አጽድቼ ነው የምወጣው። ወለሉን ጠረግሁ፣ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ደረደርኩ፣ ቁልፉን ከላዩ አስቀመጥኩ። የተራራ ጫማዬን አጥልቄ፣ ስመለስ የማነሳውን የከተማ ጫማዬን ደረጃው ላይ አጋጥሜ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ አሰለፍኩት። ባለቤት የሌለው ጫማ እንዲህ ተሰልፎ ድልድይ ላይ ወይም ገደል አፋፍ ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የማስበው ፀሐይዋ እንዳትቀድመኝ ነበር።

መንገዱ ጥድ በጥድ ነው። አመዳዩ ከእግሬ ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ወጣሁ፣ አለከለክሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመጻፌ ራሴን ሰደብኩ። ከዛፎቹ በላይ ስደርስ ነፋሱ ቆመ። የሰማይ ደፍ የሚሉት አለት ላይ ወጥቼ ቀና አልኩ።

ስለዚህ ነገር ስንት ጊዜ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ! በክርክር አልሸነፍም፣ ቃል አያጥረኝም፤ እዚያ ላይ ግን ቃል የሚባል ነገር አልነበረኝም። ምድር የለችም። ከእግሬ ጣት ጀምሮ እስከ ዓለም ዳርቻ ነጭ ባሕር ተኝቷል፤ ይተነፍሳል። አንድ ጥቁር ጫፍ እዚህ ብቅ ይላል፣ ሌላው እዚያ ይሰምጣል። ከዚያ ፀሐይዋ ከባሕሩ ሆድ ወጣችና ነጩ ሁሉ ወርቅ ሆነ፤ እኔም፣ አለቱም፣ የትንፋሼ ጭስም። እንባዬ መጣ። ይህን ለማየት ሰው ምን ከፈለ? ምንም። ማን ሊሸጠው ይችላል? ማንም። ይበልጥ ለማየት ወደ አለቱ ጫፍ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«እንዳታደርጊው!»

ከኋላዬ አንድ ሰው ቦርሳዬን ጨምድዶ ጎተተኝ። ሁለታችንም አለቱ ላይ ተዘረርን። ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ።

«እብድ ነህ? ልቀቀኝ!»

«አልለቅሽም! ብትመቺኝም አልለቅሽም!»

«ምን ላደርግ መሰለህ?»

«ጫማሽን አይቻለሁ!» አለ እያለከለከ። «ተሰልፎ! ክፍሉ ተጠርጎ! ብርድ ልብሱ ታጥፎ!»

ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። መንደሪኑ፣ ሾርባው፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ። ቁርጭምጭሚቴን የያዙትን እጆች አየሁ፤ አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ፊቱን አየሁ። ፀሐይ የለበለበው፣ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ያለበት፣ እንባ የሞላው ፊት። በቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነበር ተራራውን የወጣው፤ አንደኛው ጠፍቶ እግሩ ይደማል።

«ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩት ቀስ ብዬ። «ቀትር ላይ አውቶቡስ አለኝ። ቆሻሻ እንዳልባል ብዬ ነው የጠረግሁት።»

አየኝ። እጁን አላነሳም። «ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

ለቀቀኝና አለቱ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻልኩም። የእኔ ነገር ታውቃላችሁ፣ ፍርሃቱ ሲያልፍ ንዴቱ ተተካ።

«ቆይ እንጂ! ሀብታም ብቻውን ተራራ ሲሄድ ሊያርፍ ነው፤ ድሃ ብቻውን ሲሄድ ግን ሊሞት ነው? ሴት ልጅ ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል ከጠየቀች መቀበሪያ ፈልጋ ነው? መንደራችሁ በሙሉ በሩን ዘጋብኝ እኮ!»

«እኔ ከፈትኩ» አለ ፊቱን እንደሸፈነ።

ቦርሳዬ ላይ የተጣበቀውን አመዳይ አራገፍኩ።

«ሀብታም ቢመጣም ራት በልተሃል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ» አለ ተነሥቶ እየተቀመጠ። «ብቸኝነት ዋጋ አያይም።»

ከዚያ ዞሮ ደመናውን አየ። እኔ ግን እሱን ነበር የማየው። ስንቴ እንዳየው የማያውቀውን ነገር እንደ አዲስ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ ዓይኖቹ ወርቅ ሲሆኑ። ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ደመናው ከሥራችን እየተንቀሳቀሰ፣ ከላዩ ላይ እኛ ብቻ የቀረን መሰለን። አንድ ሰው እንዲህ ሲያይ ካየሁ በኋላ እንዴት ተራ መንገደኛ ሆኜ እንደምወርድ ጠፋኝ።

ተደራራቢ ካልሲዬን አውልቄ እግሩን ጠቀለልኩለት። «ኮረብታ በነጠላ ጫማ የሚወጣ የተራራ ልጅ!» ብዬ ተሳለቅሁበት።

«ብርድ ልብስ እያጠፈች ሰው የምታሸብር የከተማ ልጅ!» አለኝ።

እየተደጋገፍን ወረድን፤ የአምናውን ልጅ ነገርና የመንደሩን ስምምነት መንገድ ላይ ነገረኝ። መውረጃው ላይ እማማ ፒልሱን ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማለች፤ ትናንት መስኮት የጠረቀመችብኝ ሴትዮ ጭምር። እማማ ስታየኝ ሮጣ መጣችና ጀርባዬን በጥፊ አጮለችው።

«አንቺ ክፉ! አንቺ የማትረቢ! ጫማሽን እንዲያ ገትረሽ!» ደገመችኝ፤ ከዚያ አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በጥፊዋ ውስጥ የነበረው ፍርሃት በልብሴ አልፎ ተሰማኝ።

ሞቴሉ ግቢ፣ ጎመኑ የሚታጠብበት ቦታ ስንደርስ ግን ፊቷን አጠቆረች። «ሶክጁ፣ በቃኝ። ልቤ አይችልም። ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን የመጣ ሰው እዚህ ቤት አይገባም። እነ እትዬ ኦክቡን ልክ ናቸው።»

እትዬ ኦክቡን መስኮት የዘጋችብኝ ሴትዮ ናት። በድል አድራጊነት ራሷን ነቀነቀች። ሶክጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እጅጌዬን ሰብስቤ ጎመን እያነሳሁ ነበር፤ ጣልኩት።

«እማማ፣ ይስሙኝ። እውነት ልሞት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ማን ያድነኝ ነበር? እኚህ እመቤት? እሳቸው በር ዘግተው ሞቅ ብሏቸው ተኝተዋል። የርስዎ ሾርባ ግን አስቆጥቶኛል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ አይሞትም። የአምናውን ልጅ እርስዎ አልገደሉትም፤ በር ቢዘጉበት ኖሮ ግን አንድ ሌሊት እንኳ የሚያሞቀው ሰው አያገኝም ነበር።»

«ይቺ ልጅ ምላሷ!» አለች እትዬ ኦክቡን።

«ምላሷ ስለት ነው» አለ ሶክጁ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ እየደማሁ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ጆሮዬ ጋለ። እማማ ፒልሱን ግን አልሳቀችም። በርበሬና ነጭ ሽንኩርቱን በጎመኑ ቅጠል መሃል እየቀባች ሠራች። ሥራው ሲያልቅ አዲሱን ኪምቺ ጠቅልላ በእጇ አጎረሰችኝ። አቃጠለኝ፤ ጣፈጠኝ። ሶክጁም አንድ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ፤ አፌን ከፍቼ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጎረስኩ። «አይ፣ ጨርሳችኋል!» አለች አንዷ።

ቀትር ላይ አውቶቡሱ መጣ። ሶክጁ ቦርሳዬን አቀበለኝ። ልናገረው የምፈልገውን ሁሉ ትቼ «ክፍልህ ጥሩ ነው፤ እጽፈዋለሁ» አልኩት። እሱም ሊለኝ የፈለገውን ሁሉ ትቶ «መንገዱ ያዳልጣል፤ መሃል ላይ ተቀመጪ» አለኝ። በሩ ተዘጋ። መስኮቱን ጠርጌ ሳይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ መታጠፊያው ሰወረው።

የተራራው መተላለፊያ አናት ላይ ስንደርስ በረዶ መውረድ ጀመረ፤ የዓመቱ የመጀመሪያው። ሾፌሩ ጎማው ላይ ሰንሰለት ሊያስር ቆመ። የመጀመሪያውን በረዶ አብረው ያዩ ሰዎች አይለያዩም ይባላል እኛ ዘንድ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ የአበባ ነጋዴዎች የፈጠሩት ነው ብዬ ጽፌ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ። ደመናው ተራራውን ውጦታል፤ በድንገት ተሰነጠቀና አናቱ ታየ። ነጭ። ዝም ያለ። የሚያስፈራ። እሱ ይህን አሁን እያየ ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ብቻውን?

«ወርጃለሁ» አልኩ ለሾፌሩ።

«እዚህ ቤት የለም እህቴ!»

«ከኋላችን አለ።»

በረዶው ውስጥ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከታጠፈው መንገድ አንድ ሰው እየሮጠ ብቅ ሲል ቆምኩ። እሱም ቆመ። በመካከላችን በረዶው ብቻ ይወርዳል።

«አውቶቡሱ ተበላሸ?» አለኝ።

«አልተበላሸም። አንተስ ወዴት ነው?»

«እማማ…» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እማማ በሩን አልዘጋም አለች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ተናገረች። ብቻውን የመጣ ሁሉ ይግባ ብላለች። ልነግርሽ ብዬ…»

«አውቶቡስ ሮጠህ ልትደርስበት?»

«ልሞክር ብዬ።»

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው ደስ አለኝ። ለዚያ ቤት ተሟግቻለሁ፤ ደግሞም እሟገታለሁ። ሆኖም ግን ሊለኝ ያልቻለውን ነገር እስኪለኝ ብጠብቅ በረዶ ሆኜ እንደምቀር ገባኝ።

«ሶክጁ» አልኩት፣ «እኔ የተመለስኩት ስለ ቤቱ አይደለም።»

ቀና ብሎ ተራራውን አየ፤ ከዚያ ደመናውን በሚያይበት ዓይን፣ አፉን ከፍቶ፣ እኔን አየኝ።